ሃርላን ሚልስ፦ የጋራ ፕሮግራምን ከመሰበር የመጠበቅ ሥርዓት

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በሮቢትና በዙሪያዋ ባለው የራያ ሜዳ ገበሬው ማሽላውንና ጤፉን የሚያበቅለው በሜዳው ላይ በሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም። ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደውን ጎርፍ በአፈር፣ በድንጋይና በቁጥቋጦ በተሠራ ክትር ጠልፎ በዋና ቦይ ይመራዋል፤ ከዋናው ቦይ ወደ ትናንሽ ቦዮች ከፋፍሎም ወደየማሳው ያደርሰዋል። ጎርፉ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓታት ነው። በእነዚያ ሰዓታት ዋናው ቦይ አንድ ቦታ ላይ ቢናድ ከዚያ በታች ያለው ማሳ ሁሉ ሳይጠጣ ይቀራል። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ቦዩን በጋራ መጥረግ፣ የራስን መውጫ ዋናውን ቦይ በማይጎዳ አኳኋን መክፈትና መዝጋት፣ የተሸረሸረውንም ሳይውሉ ሳያድሩ መድፈን የእያንዳንዱ ባለማሳ ግዴታ ነው።

ብዙ እጅ የሚጽፈው ሶፍትዌርም እንዲሁ ዋና ቦይ አለው። የእያንዳንዱ ባለሙያ ሥራ የሚገባበት አንድ የጋራ ኮድ አለ፤ ይህም ኮድ በማንኛውም ቀን ተሰብስቦ፣ ኮምፓይል ተደርጎና ተጣምሮ የሚሠራ ፕሮግራም ሊሆን ይገባዋል። ባለሙያዎች ይህን ተግባር ቢልድ ይሉታል። አንድ ሰው ያልተፈተሸ ወይም ከሌላው ክፍል ጋር የማይስማማ ኮድ ሲያስገባ ቢልዱ ይሰበራል፤ የሰበረው አንድ ሰው ቢሆንም ሥራ የሚፈታው ሁሉም ነው። ጉዳዩ ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች የሩቅ አይደለም። የጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጅ፣ የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕም ከሕንድ የተነሣ፣ የብዙ ባለሙያዎች እጅ ያለባቸው የጋራ ኮዶች ናቸው። የመመረቂያ ፕሮጀክታቸውን በቡድን የሚሠሩ ተማሪዎችም ሥራውን ተካፍለው ለየብቻ ጽፈው በመጨረሻው ሳምንት ለማገጣጠም ሲነሡ የሚያጋጥማቸው ይኸው ችግር ነው።

የችግሩ ሥር በመሣሪያ እጥረት ሳይሆን በሥራ ልማድና በአደረጃጀት ላይ መሆኑን አስቀድመው ካስገነዘቡት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ሃርላን ሚልስ ናቸው። ስማቸው ዛሬ በአብዛኛው የሚነሣው ክሊንሩም ከተባለው የሶፍትዌር አሠራር ጋር ተያይዞ ነው። ከዚያ የቀደመው፣ ይበልጥም የዘለቀው ሐሳባቸው ግን ፕሮግራም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሁሉም ፊት ተቀምጦ ዘወትር የሚሠራ መሆን አለበት የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚልስን ሕይወት የሚከተለው በዚህ ሐሳብ መንገድ ነው።

ሚልስ እ.ኤ.አ. በ1919 በአሜሪካ አዮዋ ግዛት ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1952 ከአዮዋ ስቴት በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። የመጀመሪያ ዘመን ሥራቸው በጨዋታ ንድፈ ሐሳብና በመስመራዊ ፕሮግራሚንግ ላይ ያተኮረ ነበር፤ በ1956 ሃሮልድ ኩንና አልበርት ታከር ባዘጋጁት የፕሪንስተን ጥራዝ ውስጥ በዚሁ መስክ የጻፉት ጥናት ታትሟል። የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ የእያንዳንዱ ተሳታፊ ምርጫ የሌላውን ዕጣ በሚወስንበት ሁኔታ ሰው እንዴት እንደሚወስን የሚያጠና የሒሳብ ዘርፍ ነው። ከኋለኛው ሥራቸው ጋር በቀጥታ ለማያያዝ ማስረጃ ባይኖርም፣ የጋራ ኮድ ችግር በባሕርዩ ከዚህ ዘርፍ ጥያቄዎች ብዙ እንደማይርቅ ልብ ይሏል። ለአንዱ ባለሙያ የሚቀለው ሥራውን ሳይፈትሽ ማስገባት ነው፤ ሁሉም እንዲህ ቢያደርግ ግን የሚሠራ ፕሮግራም አይኖርም።

በ1964 ወደ አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ገቡ። የተመደቡበት የፌዴራል ሲስተምስ ክፍል ለአሜሪካ የጠፈር ምርምርና ለመከላከያ ተቋማት ሶፍትዌር የሚሠራ ነበር። ያው ዓመት ኩባንያው ሲስተም 360 የተባለውን የኮምፒዩተር ቤተሰብ ያስተዋወቀበት ነው። የዚህ ቤተሰብ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሥራው በበረታበት ወቅት ከ1000 በላይ ሰዎችን አሰልፎ፣ ዘግይቶና ከታሰበው በላይ ወጪ ጠይቆ ነበር የተጠናቀቀው። ሥራውን የመሩት ፍሬድሪክ ብሩክስ ከልምዳቸው የተማሩትን በ1975 በመጽሐፍ አሳትመዋል። በጥቅምት 1968 በጀርመን ጋርሚሽ ከተማ በኔቶ የሳይንስ ኮሚቴ ድጋፍ የተሰበሰቡ ምሁራንና ባለሙያዎች ሶፍትዌር ምሕንድስና የሚለውን ስያሜ ለጉባኤያቸው ርእስ ያደረጉትም ይህን የመሰለው ውድቀት ስለበዛ ነው።

በዚያ ዘመን ፕሮግራም የሚጻፍበትን ሁኔታ ማስታወስ ያስፈልጋል። ፕሮግራመሩ ኮዱን በፓንች ካርድ ያስበሳል፤ የካርዱ ክምር በመሳቢያው ውስጥ ይቀመጣል፤ የመጨረሻው ቅጂ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው። ሥራው ይገመገም የነበረው ፕሮግራመሩ ስለ ሥራው በሚናገረው እንጂ በሥራው አልነበረም። አሠራሩም ከታች ወደ ላይ ነበር። በመጀመሪያ ዝቅተኛዎቹ ክፍሎች ይጻፋሉ፤ በኋላ በሚጣሉ ጊዜያዊ ፕሮግራሞች ለየብቻ ይፈተሻሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሰብስበው ይገጣጠማሉ። አለመግባባቱ የሚገለጠው በዚህ በመጨረሻው ምዕራፍ ነው። አንዱ ክፍል የሚልከው መረጃ ሌላው ከሚጠብቀው ጋር አይጣጣምም፤ ስሕተቱ የማን እንደሆነም አይታወቅም፤ ገንዘቡና ጊዜው ግን አስቀድሞ አልቋል።

ሚልስ ለዚህ የሰጡት የመጀመሪያ ምላሽ በአንድ ሰው ችሎታ ላይ የተመሠረተ ነበር። የ30 ሰዎች የአንድ ዓመት ሥራ ይፈልጋል ተብሎ የተገመተን ፕሮጀክት አንድ የላቀ ፕሮግራመር ከጥቂት ረዳቶች ጋር ይሠራው ዘንድ ሙከራ ተደረገ፤ ያ ፕሮግራመር ራሳቸው ሚልስ ነበሩ። በ1969 በሮም በተካሄደው ሁለተኛው የኔቶ ጉባኤ ላይ የአይ.ቢ.ኤሙ ጆኤል አሮን ስለዚህ ሙከራ አቅርበዋል። ሥራው የተጠናቀቀው ከግምቱ እጅግ ባነሰ፣ በስድስት የሰው ዓመት ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ ሙከራ ፍሬ ያፈራው የላቀው ግለሰብ አይደለም፤ በዙሪያው የተዘረጋው አደረጃጀት ነው።

ይህ አደረጃጀት በሙሉ መልኩ የተፈተነው ከ1969 እስከ 1971 ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በተሠራው የመረጃ ባንክ ላይ ነው። ጋዜጣው ለአሥርት ዓመታት ያጠራቀማቸውን የጽሑፍ ቁራጮች በእጅ ከመፈለግ ይልቅ የጽሑፎቹን አሕጽሮት በተርሚናል ፈልጎ ማግኘት የሚያስችል ሥርዓት ፈለገ። ሥራው ለትንሽ ቡድን ተሰጠ። በቡድኑ እምብርት ሦስት ሰዎች አሉ፦ ዋናው ፕሮግራመር፣ ተጠባባቂው ፕሮግራመር እና መዝገብ ያዥ። ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚጨመሩት ሥራው ሲጠይቅ ነው። ዋናው ፕሮግራመር ቴሪ ቤከር ነበሩ። ወሳኞቹን ክፍሎች ራሳቸው ይጽፋሉ፤ ሌሎች የሚጽፉትንም አንድ በአንድ ያነባሉ።

ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ጉዳይ ግን ሦስተኛው ሰው፣ መዝገብ ያዡ፣ እና እርሱ የሚጠብቀው የፕሮግራም መዝገብ ቤት ነው። መዝገብ ቤቱ አራት ነገሮችን ያቀፈ ነበር። በኮምፒዩተሩ ውስጥ የወቅቱ ኮድ፣ የፈተና መረጃና ኮዱን የማገጣጠሚያው ትእዛዝ ይቀመጣል፤ ይህ ውስጣዊው ክፍል ነው። ውጫዊው ክፍል የዚያው ኮድ የታተመ ቅጂና የእያንዳንዱ ሙከራ ውጤት በተርታ የተጠረዙባቸው መዛግብት ናቸው፤ የተሻሩ ቅጂዎችም አይጣሉም፣ በየቀናቸው ይከማቻሉ። ከእነዚህ በተጨማሪ ማሽኑ ኮድን የሚያስገባበትና የሚያጣምርበት ሥነ ሥርዓት፣ እንዲሁም መዝገብ ያዡ ወረቀቱን የሚቀበልበትና የሚያስቀምጥበት የቢሮ ሥነ ሥርዓት በጽሑፍ ተወስነዋል። ፕሮግራመሩ ኮዱን በወረቀት ይጽፋል ወይም በታተመው ቅጂ ላይ በእርሳስ ያርማል፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የእርሱ አይደለም። መዝገብ ያዡ ያስበሳዋል፣ ወደ ኮዱ ያስገባዋል፣ ኮምፓይል ያስደርገዋል፣ ያጣምረዋል፣ ይፈትሻል፣ ውጤቱንም በመዝገቡ ቦታ ያኖረዋል። የተሳካው ሙከራ እንደሚቀመጥ ያልተሳካውም ይቀመጣል። ማንኛውም የቡድኑ አባል መደርደሪያው ዘንድ ሄዶ የማንኛውንም ሰው ስሕተት ማንበብ ይችላል።

የሚልስ ሙግት ፕሮግራም መጻፍ ከግል ጥበብ ወደ ግልጽ ሙያ መሸጋገር አለበት የሚል ነበር። ጄራልድ ዋይንበርግ በ1971 ባሳተሙት የፕሮግራሚንግ ሥነ ልቡና መጽሐፍ ፕሮግራመር ከኮዱ ጋር ያለውን የባለቤትነት ስሜት እንዲተው ጠይቀው ነበር። ሁለቱ ሊቃውንት ወደ አንድ ግብ በሁለት መንገድ ሄደዋል ማለት ይቻላል። ዋይንበርግ ለመለወጥ የሞከሩት የሰውን ልብ ነው፤ ሚልስ የለወጡት ቢሮውን ነው። ኮዱ ከመሳቢያ ወጥቶ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠ ባለቤቱ ትሑት ቢሆንም ባይሆንም ሌላው ያነበዋል። በዚህ ረገድ የሚልስ መንገድ ለሰው ድካም ይበልጥ የሚያስብ ይመስላል።

መዝገብ ያዦቹ በኋላ በተጻፉት የሙያው ታሪኮች ውስጥ እምብዛም አይነሡም። ሥራው ከጽሕፈት ሥራ የመጣ፣ በደረጃም ከፕሮግራመሩ በታች የተመደበ ነበር። ሆኖም በየዕለቱ የጋራው ኮድ እንዳይሰበር በእጁ የሚጠብቀው ይህ ሠራተኛ ነው፤ የትኛው ቅጂ ሕያው እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል ከትናንት ወዲህ እንደተለወጠ በእርግጠኝነት የሚያውቅም እርሱ ነው። በአማራ ክልል ባህላዊ መስኖዎች የውኃ አባት የሚባለው ሰው ራሱ ማሳ ቢኖረውም ባይኖረውም ሥልጣኑ ከቦዩ እንደሚመነጭ ሁሉ፣ የመዝገብ ያዡም ሥልጣን የሚመነጨው ከመዝገቡ ነው፤ ከእርሱ እጅ ሳያልፍ ወደ ኮዱ የሚገባ ነገር አልነበረም።

ከመዝገብ ቤቱ ጎን ለጎን የቆመው ሁለተኛው ሐሳብ ከላይ ወደ ታች መጻፍ ነው። ሚልስ በ1971 በታተመ ጥናታቸው ትልልቅ ሥርዓቶች እንዴት በዚህ አኳኋን እንደሚጻፉ አብራርተዋል። ዛሬ ለሚያነበው ተመራማሪ እጅግ የሚያስደንቀው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ የሚጻፈው ማሽኑ ፕሮግራሙን እንዲያስኬድ የሚያዝዘው ትእዛዝ ነው፤ ቀጥሎ ክፍሎቹ እንዲጣመሩ የሚያዝዘው፤ የፕሮግራሙ ኮድ የሚመጣው ከሁለቱ በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር ከቤቱ አስቀድሞ የሚዘጋጀው መገንቢያው ነው። ከዚያም የላይኛው ክፍል ይጻፋል፤ ገና ያልተጻፉትን የታችኛዎቹን ክፍሎች ደግሞ ስማቸውን ብቻ የያዙ፣ ሲጠሩ ምንም ሳይሠሩ የሚመለሱ የይስሙላ ንዑስ ፕሮግራሞች ይወክሏቸዋል። ፕሮግራሙ ጠቃሚ ነገር ሳይሠራም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይነሣል፣ ያልፋል፣ ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ የይስሙላ ክፍል በየተራ በእውነተኛው ይተካል፤ በተተካ ቁጥርም ሙሉው ፕሮግራም ይፈተሻል። ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ካልሠራ ጥፋቱ ዛሬ በገባው ትንሽ ክፍል ወይም እርሱ በነካው ቦታ ይፈለጋል። በመጨረሻ ለብቻው የሚቆም የማገጣጠም ምዕራፍ የለም፤ ማገጣጠሙ በየዕለቱ ተከናውኗልና።

እያንዳንዱ ክፍል ሌላው እንዲያነበው ሆኖ መጻፍ ስላለበት ሚልስ የቅርጽ ሥርዓትም ጠይቀዋል። ኮራዶ ቦምና ጁሴፔ ጃኮፒኒ በ1966 ማንኛውም ፕሮግራም በቅደም ተከተል፣ በምርጫና በድግግሞሽ ብቻ ሊገለጽ እንደሚችል አሳይተው ነበር፤ ኤድስገር ዳይክስትራም በ1968 ያለ ሥርዓት ከቦታ ወደ ቦታ የሚያዘልለውን ትእዛዝ ነቅፈዋል። ሚልስ በ1972 ባዘጋጁት የኩባንያው ጥናት ይህን የሒሳብ መሠረት ለባለሙያው በሚመች መልክ አቀረቡት። ለእርሳቸው ጉዳዩ የውበት አልነበረም፤ ከላይ ወደ ታች ተነብቦ ትክክለኛነቱ ሊመረመር የማይችል ኮድ በመደርደሪያ ላይ መቀመጡ ምንም አይጠቅምም።

የኒው ዮርክ ታይምሱ ሥራ በ22 ወራት፣ በ11 የሰው ዓመት ገደማ ተጠናቀቀ፤ የኮዱ መጠን ወደ 83,000 መስመር ይደርሳል። በአምስት ሳምንታት የርክክብ ፍተሻ 21 ስሕተቶች፣ ከዚያ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ዓመት ገደማ ደግሞ ሌሎች 25 ተገኙ። ፋይሎችን የሚያሰናዳው ክፍል የአንድ ሳምንት ፍተሻውን ያለ ስሕተት ካለፈ በኋላ የመጀመሪያው ስሕተት የተገኘበት ከ20 ወራት በኋላ ነው። ለዘመኑ እነዚህ ቁጥሮች አስደናቂ ነበሩ፤ ቤከር በ1972 በኩባንያው መጽሔት ካሳተሟቸው በኋላ ዝናቸው በሙያው ሁሉ ተሰማ። ነገር ግን ቁጥሮቹን የዘገቡት ሥራውን የመሩት ሰው ራሳቸው መሆናቸውን መዘንጋት አይገባም። ከዚህም በላይ ዋናው ፕሮግራመር ከፍ ያለ ችሎታ ያላቸው ሰው ስለነበሩ ውጤቱ ከሥርዓቱ ይምጣ ከሰውየው ከአንድ ፕሮጀክት ብቻ መለየት አይቻልም። ብሩክስ በ1975 መጽሐፋቸው የሚልስን ቡድን ከቀዶ ሕክምና ቡድን ጋር አነጻጽረው ሲያወድሱ፣ በአሥር ሰዎች የሚሠራው ሥርዓት ለብዙ መቶዎች እንዴት ይዘረጋል የሚለውን ጥያቄም አንሥተዋል።

መልሱ በከፊል የተገኘው በዚያው በፌዴራል ሲስተምስ ክፍል ነው። በ1970ዎቹ ክፍሉ ለሶፍትዌር ባለሙያዎቹ ሰፊ የሥልጠና መርሐ ግብር ዘርግቶ ከላይ ወደ ታች መጻፍን፣ ኮድን በጋራ ማንበብንና በየደረጃው ማስረከብን የሥራ ደንብ አደረገ፤ ሚልስ የዚህ እንቅስቃሴ አስኳል ነበሩ። በ1980 በጻፉት ግምገማ ውስጥ ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ላምፕስ የተባለው የባሕር ኃይል የመርከብና የሄሊኮፕተር ሥርዓት ነው። ወደ 200 የሰው ዓመት የወሰደው ይህ ሥራ በአራት ዓመት ውስጥ በ45 ተከታታይ ርክክቦች፣ ሁሉም በጊዜያቸውና ከተመደበላቸው በጀት ሳያልፉ ተፈጸመ። ይኸው ክፍል የስፔስ ሸትልን ዋና የበረራ ሶፍትዌር ከ1977 እስከ 1980 ባሉት ዓመታት በ17 ተከታታይ ቅጂዎች አሳድጎ አጠናቋል። ርክክብ በየወሩ ከሆነ ለብዙ ወራት ሲሰበር የሚቆይ ኮድ ሊኖር አይችልም፤ ለትልቅ ቡድን መፍትሔው የላቀ ግለሰብ ሳይሆን የአጭር ቀጠሮ ግዴታ ሆኖ ተገኘ። ብሩክስ በ1986 በታወቀው ጥናታቸው ፕሮግራም ይታነጻል ከማለት ይልቅ ያድጋል ማለት ይሻላል የሚለው የሚልስ አመለካከት የራሳቸውን አሠራርና የተማሪዎቻቸውን ቤተ ሙከራ ከሥሩ እንደለወጠ መስክረዋል። በተለይ የሚሠራ ነገር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ገና በጠዋት በዓይን መታየቱ የቡድኑን መንፈስ እንዴት እንደሚያነሣሣ አስተውለዋል።

ሚልስ ከኩባንያው ሥራ ጎን ለጎን በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። በዚያም ከቪክተር ባሲሊና ከሌሎች መምህራን ጋር ሆነው በ1987 ፕሮግራሚንግን በሒሳብ መንገድ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳትመዋል። በእነዚህ ዓመታት አስተሳሰባቸው ወደ ይበልጥ ጥብቅ ደረጃ ተሻገረ። ከማይክል ዳየርና ከሪቻርድ ሊንገር ጋር በ1987 ያቀረቡት ክሊንሩም ስሙን የወሰደው የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ከሚመረትበት ከአቧራ የጸዳ ክፍል ነው። መርሑ አቧራን ከገባ በኋላ ከማጽዳት ይልቅ እንዳይገባ መከልከል ነው። በዚህ አሠራር ኮዱን የሚጽፉት ሰዎች ፕሮግራማቸውን አያስኬዱም። ለእያንዳንዱ ክፍል የተሰጠውን ትርጉም ይዘው ኮዱ ያንን በትክክል ይፈጽም እንደሆነ በቡድን ተቀምጠው በማንበብና በመከራከር ያረጋግጣሉ። ማስኬዱና መፈተሹ የሌላ ቡድን ነው፤ ያም ቡድን የሚፈትሸው ተጠቃሚው ፕሮግራሙን በሚጠቀምበት የዕድል ስርጭት መሠረት ነው። ኮዱ እዚህም በተከታታይ ደረጃዎች ያድጋል።

ሕጉ ጨካኝ መስሎ ይታያል። ሪቻርድ ሴልቢ፣ ባሲሊና የኒው ዮርክ ታይምሱ ቴሪ ቤከር በሜሪላንድ ባደረጉት ሙከራ የደረሱበት ግን አሰላሳይ ነው። ሦስት ሦስት አባላት ያሏቸው 15 ቡድኖች አንድን ሥርዓት ለየብቻ ጻፉ፤ 10ሩ በክሊንሩም፣ አምስቱ በተለመደው መንገድ። በክሊንሩም ከሠሩት ስድስቱ ከተጠየቀው ተግባር ቢያንስ 91 በመቶውን አስረከቡ። ለጋራ ኮድ ጉዳይ ይበልጥ የሚናገረው ውጤት ሌላ ነው፤ በመካከል የተወሰኑትን ርክክቦች 10ሩም የክሊንሩም ቡድኖች በቀጠሯቸው ሲፈጽሙ ከአምስቱ ሌሎች ቡድኖች ይህን ያደረጉት ሁለት ብቻ ናቸው። በሌላ በኩል ከክሊንሩም ተሳታፊዎች 86 በመቶው ፕሮግራማቸው ሲሠራ የማየት ደስታ እንደጎደላቸው ገለጹ፤ 81 በመቶው ግን ዘዴውን ዳግመኛ እንደሚጠቀሙበት ተናገሩ። የጎደላቸው ደስታ በሥራቸው ጥራት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖ አልታየም። ሆኖም የፕሮግራሞቹ መጠን ከ800 እስከ 2,300 መስመር ነው፤ የሠሩትም ተማሪዎች ናቸው፤ ከዚህ ተነሥቶ ስለ ትልልቅ ሥራዎች መደምደም ጥንቃቄን ይሻል።

ክሊንሩም በአንዳንድ የመንግሥትና የኩባንያ ሥራዎች ላይ ቢውልም የሙያው አጠቃላይ ልማድ አልሆነም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የሸክሙ አቀማመጥ ይመስላል። የ1971ዱ ሥርዓት የጋራውን ኮድ የሚጠብቅ ሰው አቁሞ ነበር፤ ፕሮግራመሩ ቢሳሳት ስሕተቱ በዚያው ቀን በመዝገብ ላይ ይታያል። ክሊንሩም ግን የጥበቃውን ዋና ሸክም ወደ ጸሐፊዎቹ ሒሳባዊ ትጋት መለሰው። ሚልስ ሰው በሚገባ ከሠለጠነ ስሕተት አልባ ኮድ ሊጽፍ እንደሚችል ከልባቸው ያምኑ ነበር። በተመረጡ ቡድኖች ይህ እምነት ተፈትኖ አልፏል፤ ሠራተኛ በሚለዋወጥበትና ቀነ ገደብ በሚያጣድፍበት ተራ ቢሮ ግን በዚህ ጥብቅነት ለዓመታት መቆየት ከባድ ነው። ከትምህርታቸው የቀረው በመሆኑም ለሰው ድካም የሚያስበው የመጀመሪያው ክፍል ነው፦ ትንሽ በትንሽ ማስገባት፣ በገባ ቁጥር ማጣመር፣ ውጤቱን በሁሉም ፊት ማኖር።

የመዝገብ ያዡን ሥራ ማሽን ቀስ በቀስ ተረከበው። ገና በ1972 ማርክ ሮችካይንድ በቤል ቤተ ሙከራ የኮድን ቅጂዎች በየቀናቸው የሚይዝ ፕሮግራም ጽፈው ነበር፤ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የጀመሩት ጊት የዚሁ ዘር ነው። አዲስ ኮድ በገባ ቁጥር ሙሉውን ገጣጥሞ የሚፈትሽ አገልጋይ ኮምፒዩተር ማቆምም ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተለመደ ሆኗል። በዝርዝር ሲታይ የድሮው ቢሮ አራቱም ክፍሎች ዛሬ በማሽን ውስጥ አሉ። ያልተተካው አንድ ነገር ቢኖር ሰውየው ራሱ ነው። መዝገብ ያዡ የተሰበረውን ይዞ ወደ ፕሮግራመሩ ጠረጴዛ ይሄድ ነበር፤ አገልጋዩ ቀይ ምልክት ያበራል፣ ምልክቱን አይቶ መነሣት ግን ለእያንዳንዱ ባለሙያ የተተወ ነው። ቀይ ምልክት ለቀናት በርቶ ሁሉም የራሱን ቅርንጫፍ እየጻፈ የሚቀጥልበት ፕሮጀክት ብርቅ አይደለም፤ በተማሪዎች የቡድን ሥራ ደግሞ አገልጋዩም መዝገብ ያዡም የሌለበት ሁኔታ ይበዛል።

ሚልስ በ1987 ከአይ.ቢ.ኤም. ከተሰናበቱ በኋላ በፍሎሪዳ የቴክኖሎጂ ተቋም አስተምረዋል፤ ክሊንሩምን ለማስፋፋት የሚሠራ ድርጅትም መሥርተዋል። በ1995 በሜሪላንዱ ሙከራ የተሳተፉት ሪቻርድ ሴልቢ ከማይክል ኩሱማኖ ጋር ስለ ማይክሮሶፍት አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳተሙ። መጽሐፉ በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ባለሙያዎች የጻፉት ኮድ በየዕለቱ እየተሰበሰበ እንደሚገጣጠምና እንደሚፈተሽ፣ ቢልዱን የሰበረው ሰውም ሌላ ሥራውን ትቶ ወዲያው የመጠገን ግዴታ እንዳለበት ይዘረዝራል። ሚልስ በተከታዩ ዓመት ጥር 8 ቀን 1996 በ76 ዓመታቸው ዐረፉ፤ የአይ.ትሪፕል.ኢ. የኮምፒዩተር ማኅበርም በ1999 በስማቸው የሚሰጥ ሽልማት አቋቁሟል።